ሰባተኛው ደረጃ

ትኬት ቆራጭ ነኝ እኔ፣ ከትልቁ መንኮራኩር ሥር፣
ልጆች ወደ ላይ ሲወጡ፣ ትብሊሲ ከታች ስትዞር፤
ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፣ በዚህች ጠባብ ዳስ፣
ከመስኮቷ ኋላ፣ ሳንቲም ስመልስ።

መናፈሻ ይሉታል። ሳሩ እውነት ለምለም ነው።
ምን እንደሚያለመልመው፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

አያቴ ሺዮ ነበረ፣ አካፋ ነው ሥራው፣
ከተማው የሸኘውን፣ እሱ ነው የሚያስተኛው።
"መጀመሪያ" ይለኝ ነበር፣ "የመጣው ወረርሽኝ ነው፤
‘ከቅጥር ውጪ ቅበሩ!’ ብሎ፣ ከተማው በሩን ዘጋው።
ያኔ ይኼ ኮረብታ፣ የፍየል መዋያ፣
የእሾህ፣ የእባብ አገር፣ የነፋስ ማረፊያ።
የመጀመሪያዋ ሟች፣ ቀለም ነካሪ ነበረች፣
ሰማያዊ እጇን ይዛ፣ ወደ አፈር ወረደች፤
ስሟን የጻፈ የለም፤ ‘ሰማያዊቷ’ ይሏታል።
ከሷ ወዲያ ኮረብታው፣ ሰው መልመድ ጀምሯል።"

ቀጥሎ ነጋዴ መጣ፣ ከነእብነ በረዱ፣
ከሞተም ወዲያ ጎረቤት፣ የሚመርጥ እንደ ልማዱ፤
የሐር ሻጩ መቃብር፣ ከቤቱ ይበልጥ ሰፊ፣
የቀራጩ ደግሞ፣ በሁለት መላእክት ተደጋፊ።

በሺዮ ዘመን፣ አርመኑ ሆቫኪም ነው ድንጋይ የሚጠርበው፣
ሀብታሙን በፊደል ቆጥሮ፣ ገንዘብ የሚያስከፍለው፤
ለድሃ ልጅ ሲሆን ግን፣ እየቆጠረ አይጽፍም፣
"ሕፃን ስም እንጂ" ይል ነበር፣ "ሌላ ምን አለው? ምንም።"

በፋሲካ ማግስት ሕዝቡ፣ ቀይ እንቁላል ይዞ፣
ከሙታኑ ጋር ሊበላ፣ ይመጣል ተጓጉዞ፤
እንቁላሉን በመቃብር፣ ላይ ያንከባልላሉ፣
ወይን ጠጁን ለአፈሩ፣ ቀድመው ያቀምሳሉ።
"ክርስቶስ ተነሥቷል!" ሲሉት፣ ለዲዳው ድንጋይ፣
አያቴ መልስ ይሰጣል፣ "በእውነት!"፣ ቆሞ ከጉድጓዱ ላይ።

ከዚያ ወረቀት መጣ። ማኅተሙ ክብ፣ ቀይ ቀለም።
"ሕያው ያርፍበት ዘንድ፣ ሙት ይልቀቅ" ነው፣ ሌላ የለም።
ሦስት ሳምንት ተሰጠ።
ዘመድ ያለው አጥንቱን፣ በጆንያ፣ በሻንጣ፣
በሕፃን ጋሪ ጭምር፣ እየገፋ ይዞት ወጣ።
ኤቴሪ የምትባል መበለት፣ ባሏን በትራም ጫነችው፤
ትኬት ቆራጩ ቢጠይቃት፣ "ለሁለት ነው" አለችው።
ዘመድ የሌለው ግን ቀረ። ቀለም ነካሪዋም ቀረች።
ጽጌረዳ ተተከለ፤ ሙዚቃ ተመታ፤ ሪባን ተቆረጠች።

ድንጋዮቹስ?
ድንጋይ ውድ ነው አሉ። በፊቱ ደፉት፣
ከታችኛው መንገድ እስከ ላይ፣ ደረጃ አድርገው ሠሩት።
መቶ አርባ ሁለት ደረጃ። ስሙ ወደ አፈር ዞረ፤
ከተማው አይስክሬም እየላሰ፣ ጀርባውን ሲረግጥ ኖረ።
አያቴ ግን እስኪሞት፣ በደረጃው አልወጣም፤
በፍየሎቹ ዱካ፣ በጎን ይዞር ነበር፣ ሲጎብጥም፣ ሲያነክስም።

ባለፈው መጋቢት፣ ከዝናብ በኋላ፣ የቧንቧ ሠራተኞች መጡ፤
ሰባተኛውን ደረጃ፣ በዶማ ፈንቅለው አወጡ።
ጭቃውን በሻርፔ ጠረግሁ፤ አንዲት ቃል ብቻ አለች፦
ማክሪኔ።
ዓመት የለ፣ አባት የለ፤ ሆቫኪም ገንዘብ ያልጠየቀባት፣ ይኸው ወጣች።

አለቃቸው ወጣት ነው፣ ጨዋ፤ "እሜቴ" አለኝ፣ "በየት በኩል ላድርገው?
ፊደሉ ወደ ላይ ከዞረ፣ ያደናቅፋል ሰው።"
አሰብሁ። ሰልፍ ነበረ፤ ልጆች ትኬት ይጠብቃሉ።
"እንደ ነበረ" አልሁት። እጆቼ ዛሬም "ለምን?" ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስወጣ፣ ስድስተኛው ላይ ጉልበቴን ይዤ፣
ሰባተኛውን እሻገራለሁ፣ የብረት ድጋፉን ተመርኩዤ።
ልጆች አዩኝ። ጨዋታ መሰላቸው፤
አሁን ሁሉም ይዘሉታል፣ ደብተር በጀርባቸው፣
"የረገጠ ሞተ!" እየተባባሉ።
ስሟን አልነገርኳቸውም። ወደ መንኮራኩሩ ይሮጣሉ።
ትኬቱን ቆረጥሁ፤ ደወሉ ተደወለ፤
አንዱ ከጫፍ ላይ ሆኖ፣ "ቤታችን ታየኝ!" አለ።